ባልዲ ያጠፋው፣ ባልዲ ያዳነው ዓሣ

በጥር ብርድ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ መሰላል በትከሻው ተሸክሞ ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ጣሪያ ሊጠግን ወጥቶ መንገድ የሳተ ይመስላችሁ ይሆናል። በአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት በሚገኘው ፒራሚድ ሐይቅ ግን ነገሩ ከተለመደ ቆይቷል። ሰውየው መሰላሉን ከዳር ጥቂት ሜትሮች ገባ ብሎ፣ ሐይቁ ድንገት ገደል ሆኖ ከሚጠልቅበት ጠርዝ አጠገብ ይተክለዋል። ከዚያ አናቱ ላይ ወጥቶ የማጥመጃ ዘንጉን ይወረውራል። ከጎኑ ሌላ መሰላል፣ ከዚያም ጎን ሌላ። የበረሃው ነፋስ ፊታቸውን እየገረፈው፣ ጣታቸው እየደነዘዘ፣ ሁሉም አንድ ዓሣ ይጠብቃሉ።

የሚጠብቁት ዓሣ ላሆንታን ከትስሮት ትራውት ይባላል። ከትስሮት የሚለው ስም ሲፈታ “አንገቱ የታረደ” እንደ ማለት ነው። ከመንጋጋው ሥር ቢላ ያረፈበት የሚመስል ቀይ ሰረዝ ስላለው የወጣለት ስም ነው። ታዲያ ሰውየው ለፈቃድ ከፍሎ፣ ስንት ሰዓት ተንቀጥቅጦ በመጨረሻ ዓሣው ሲያዝለት ምን ያደርጋል? ብዙውን ጊዜ ፎቶ ይነሳና መልሶ ይለቀዋል!

“ካልበላው ምን አስያዘው?” ማለታችሁ አይቀርም። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ዓሣ ማጥመድ የሚታወቀው ከዝዋይ ወይም ከጣና ወደ ድስት የሚያደርስ ሥራ ሆኖ ነው እንጂ ስፖርት ሆኖ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ለመዝናናት ብሎ ዘንግ ይዞ የሚወጣው ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ሰውየው ለምን እንደሚለቀው ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስኪመርሆርን 18.6 ኪሎ

ፒራሚድ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከታሆ ሐይቅ የሚነሳው ትራኪ ወንዝ ተራራውን ወርዶ፣ የሬኖን ከተማ አቋርጦ እዚያ ይገባል። የገባው ውኃ በፀሐይ ተንኖ ካልሆነ በቀር አይወጣም። አብያታን ወይም ሻላን ላየ የአገራችን ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ውኃው ጨው ጨው ይላል። ያም ሆኖ ከትስሮቱ ለምዶት፣ ሌሎች ዓሦችን እየዋጠ፣ ለትራውት ዘር በማይታመን መጠን ይገዝፍ ነበር። እንቁላሉን የሚጥለው ግን ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ፣ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

የሐይቁ ባለቤቶች ፓዩት የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ናቸው። ጆን ፍሪሞንት የተባለው አሜሪካዊ አሳሽ በ1844 እዚያ ሲደርስ ፓዩቶቹ ያቀረቡለት ይህንኑ ዓሣ ነበር። ውኃው መካከል የቆመውን ሾጣጣ ድንጋይ አይቶ ፒራሚድ የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው። ሐይቁ ስም ያጣ ይመስል!

በ1925 ጆን ስኪመርሆርን የተባለ የፓዩት ተወላጅ ከዚህ ሐይቅ 41 ፓውንድ፣ ማለትም 18.6 ኪሎ የሚመዝን ከትስሮት አወጣ። የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። በሩጫው ዓለም ስንት ክብረ ወሰን ተሰብሮ፣ እንደገና ተሰብሮ፣ ጫማውም ተለውጦ፣ ይህኛው ግን መቶ ዓመት ገደማ ያልተነካ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ስኪመርሆርን ያንን ዓሣ ሲያወጣ በዓሣው ላይ ከተፈረደበት 20 ዓመት ሆኖት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ደረቁን ምዕራብ በመስኖ ለማልማት በ1902 ሕግ ሲያወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ በትራኪ ወንዝ ላይ የተሠራው የደርቢ ግድብ ሆነ። ግድቡ በ1905 አለቀ። ውኃው ወደ ፋሎን አካባቢ እርሻዎች ተጠለፈ። ሐይቁ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ በጠቅላላው ከ24 ሜትር በላይ ወረደ። አጠገቡ የነበረው ዊኔሙካ የተባለ ሐይቅ በ1930ዎቹ ጨርሶ ደረቀ። ሐረማያ ሲደርቅ ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሐዘን እንደሆነ ያውቀዋል።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። ሐይቁ ሲሸሽ ወንዙ የሚገባበት አፍ ደለልና አሸዋ ሆኖ ቀረ። ዓሣው ሽቅብ መውጣት አቃተው፤ ቢወጣም ግድቡ ይጠብቀዋል። ለመጨረሻ ጊዜ እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዙ የገባው በ1938 ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከፒራሚድ ሐይቅ ጠፋ። የዓለም ሻምፒዮኑ ዘር አለቀለት ተባለ።

ባልዲው ሲመጣ

ጥፋቱን ሁሉ ግድብ ላይ መለጠፍ ግን ልክ አይሆንም። አጥማጁም አለበት። ያውም ዓሣ ስለጠላ ሳይሆን ስለወደደ!

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ አሜሪካውያን አንድ እምነት ነበራቸው፤ ወንዝ ካለ ዓሣ ይጨመርበት። መንግሥት ለዚሁ የተሠሩ የባቡር ፉርጎዎች ነበሩት። የዓሣ ጫጩቶች በወተት ማመላለሻ ጋን እየተሞሉ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይጓዛሉ፤ ጣቢያ ላይ ሰው ባልዲውን ይዞ ይጠብቃል። ከምሥራቅ ብሩክ ትራውት፣ ከፓስፊክ ዳርቻ ሬይንቦ ትራውት፣ ከአውሮፓ ብራውን ትራውት እየመጡ በየወንዙ ተደፉ። ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ለማጥመድ የሚያስደስቱ ዓሦች ናቸው።

ችግሩ የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ብሩክ ትራውት በትንንሽ ጅረቶች ውስጥ ቶሎ ተራብቶ የከትስሮቱን ምግብና ቦታ ይቀማል። ሬይንቦ ደግሞ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ከከትስሮት ጋር ይዳቀላል። የሚወለዱት ክልሶች መካን ስላልሆኑ እነሱም እንደገና ይዋለዳሉ። ጥቂት ትውልድ ካለፈ በኋላ ወንዙ ዓሣ ሞልቶት ሳለ ንጹሑ ዘር የለም። አጥማጁ ባንክ ላይ ቆሞ “ዓሣማ ሞልቷል!” ይላል። ሀገር በቀሉ ግን ከእግሩ ሥር አልቋል።

ታዲያ ታሪክ ሲያሾፍ እንዲህ ነው፤ የተረፈውም በባልዲ ነው። በኔቫዳና በዩታ ወሰን ላይ ፓይለት ፒክ የሚባል ተራራ አለ። ከፒራሚድ ሐይቅ በጣም የራቀ ነው። በ1970ዎቹ ከተራራው በምትወርድ አንዲት ትንሽ ጅረት ውስጥ ከትስሮት ተገኘ። የት መጣ ቢባል፣ ግድቡ ዓሣውን ከመጨረሱ በፊት ሰዎች ከፒራሚድ አምጥተው የለቀቁት ነው። በአሜሪካ የትራውት ነገር ከእሱ በላይ ዳኛ ያልነበረው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮበርት ቤንኪ ዓሣውን አይቶ “ይህ የጠፋው የፒራሚዱ ዘር ነው” የሚል አቋም ያዘ። ከዓመታት በኋላ ሳይንቲስቶች በሙዚየም የተቀመጡ አሮጌ የፒራሚድ ዓሦችን ዘረ መል ከጅረቱ ዓሦች ጋር አስተያይተው የቤንኪን ግምት ደገፉ። አንድ ባልዲ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ሰው የደፋው፣ የዓለም ሻምፒዮኑን ዘር ይዞ ቆየ ማለት ነው።

ብዙ የአገራችን ልጆች የሚኖሩባት ዴንቨር ያለችበት ኮሎራዶ ግዛትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የዚያኛው ግን ትንሽ ያሳቅቃል። ግሪንባክ ከትስሮት የሚባለው የግዛቱ ዓሣ በ1937 ጠፋ ተብሎ ነበር። በ1957 ተገኘ ተባለና ደስታ ሆነ። ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፣ ዓሣው ተራብቶ በየጅረቱ ተለቀቀ፣ በ1994 የኮሎራዶ መለያ ዓሣ ተደርጎ ታወጀ። በ2007 የዘረ መል ምርመራ ሲደረግ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ሲያራቡት ከከረሙት ውስጥ አብዛኛው ከተራራው ማዶ የመጣ ሌላ ዘር! ዋንጫውን ለተሳሳተ ቡድን ሰጥቶ ሜዳውን ሁሉ እንደ መዞር ያለ ነገር ነው። በ2012 የወጣው ጥናት ደግሞ የሙዚየም ናሙናዎችን መርምሮ እውነተኛው ግሪንባክ የቀረው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ በምትገኝ ቤር ክሪክ በምትባል አንዲት ጅረት ውስጥ ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። እዚያስ እንዴት ደረሰ? ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆቴል የነበረው አንድ ሰው ለእንግዶቹ ማጥመጃ እንዲሆን በ19ኛው መቶ ዘመን አምጥቶ ለቆት ነው። እንደገና ባልዲ። የዱር እንስሳት ባለሥልጣናቱ ግን ስህተታቸውን ሳይደብቁ ከዜሮ ጀመሩ። በ2022 ኸርማን ጋልች በሚባል ጅረት ውስጥ እውነተኛው ግሪንባክ በራሱ መራባት መጀመሩን አስታወቁ።

ብርብራ በአሜሪካ

ሀገር በቀሉን ለመመለስ መጤውን ማስወጣት ያስፈልጋል። አጥማጆችን ለሁለት የከፈለው ይሄ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፤ መጤው ተመልሶ እንዳይወጣ ጅረቱ ላይ እርከን ይሠራል፣ ከእርከኑ በላይ ያለው ውኃ ሮቴኖን በሚባል መርዝ ይጸዳል፣ ከዚያ ሀገር በቀሉ ይለቀቃል። ሮቴኖን ዓሣው በስንጥቡ የሚወስደውን ኦክስጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት አድርጎ ይገድለዋል። ስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ነገሩን እናውቀዋለን። በጎጃምና በጎንደር ወንዞች ዓሣ ለማስከር ፍሬው እየተወቀጠ ውኃ ውስጥ የሚበተነው ብርብራ በውስጡ ያለው ይኸው ሮቴኖን ነው። የእኛው ሰው ለመብላት የሚበትነውን እነሱ ዘር ለማዳን ይበትኑታል።

አያቱ ሬይንቦ ያጠመዱበትን፣ እሱም በልጅነቱ ሬይንቦ የያዘበትን ጅረት መርዝ ሊጨምሩበት ሲመጡ ዝም ብሎ የሚያይ አጥማጅ አይገኝም። “ዓሣ ለማዳን ዓሣ መግደል ምን ማለት ነው?” የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይነሳል፤ ፍርድ ቤት የደረሰም አለ። እኔ ሁለቱንም እረዳለሁ። ሆኖም ሬይንቦ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዙ አህጉራት ይዋኛል፤ እውነተኛው ግሪንባክ በአንዲት ጅረት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሚዛኑ ወዴት እንደሚደፋ ግልጽ ይመስለኛል።

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጉዳዩ በደንብ ገብቷል። በየሎውስቶን ሐይቅ በ1994 ሌክ ትራውት የሚባል ከትስሮቱን የሚበላ መጤ ዓሣ ተገኘ። ዛሬ እዚያ የሚያጠምድ ሰው ከትስሮት ከያዘ የመልቀቅ፣ ከሐይቁ ሌክ ትራውት ከያዘ ደግሞ የመግደል ግዴታ አለበት። ስለዚህ ዘንግ ይዞ የሚገባ ሰው ሁሉ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ማን ይከፍላል?

አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ይህ ሁሉ ሥራ በችሮታ ብቻ የሚካሄድ አለመሆኑን ነው። ከ1950 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት አሜሪካ ውስጥ በማጥመጃ ዘንግ፣ በመጠቅለያው፣ በመንጠቆውና በመሳሰለው ላይ 10 በመቶ ያህል ልዩ ቀረጥ ይጣላል። ገንዘቡ ወደ ግዛቶቹ የዓሣ ጥበቃ ሥራ ይመለሳል። የፈቃድ ክፍያው ሌላ ነው። ስለዚህ ብዙ አጥማጅ ባለበት ለወንዙ የሚሟገትም ብዙ ነው። በ1959 ሚሺጋን ውስጥ ኦ ሴብል በሚባለው ወንዝ ዳር አጥማጆች ያቋቋሙት ትራውት አንሊሚትድ ማኅበር ዛሬ ቅዳሜና እሑድ አካፋ ይዘው ወንዝ ዳር ዛፍ የሚተክሉ አባላት አሉት።

ፉክክር ከሌለ ስፖርት አይደለም ለሚሉም መላ ተገኝቷል። ዋዮሚንግ ግዛት በ1996 ከት ስላም የሚባል ፈተና ጀመረ። አጥማጁ አራቱን የግዛቱን የከትስሮት ዓይነቶች እያንዳንዱን በትውልድ ወንዙ ይዞ ፎቶውን ሲልክ የምስክር ወረቀት ያገኛል። የሚሸለመው በኪሎ አይደለም። የትኛው ዓሣ የትኛው ወንዝ ልጅ እንደሆነ ስላወቀ ነው።

ሕጉም ቢሆን አጥማጁን አላባረረውም። ላሆንታን ከትስሮት በ1970 ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገበ። በ1975 ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ “ሥጋት ያለበት” ተባለ፤ አንዱ ምክንያት ቁጥጥር የሚደረግበት ማጥመድ እንዲፈቀድ ነው። የሚያጠምደው ሰው ከጠፋ የሚከራከርለትም ይጠፋል ተብሎ ይመስላል። በአሪዞና የሚገኙት የኋይት ማውንቴን አፓቼዎች ጅረቶቻቸውን በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለማጥመድ ዘግተው የጠበቁት አፓቼ ትራውት በ2024 ከዝርዝሩ ወጥቷል። አገግሞ ከዝርዝሩ የወጣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ትራውት ነው።

እኛስ? ባሌ ተራሮች ውስጥ በዌብና በዳንካ ወንዞች ትራውት እንደሚጠመድ የሰማ ይኖራል። ዓሣው ግን የእኛ አይደለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ዓመታት ከኬንያ የመጣ ነው። ብራውኑ ዘሩ አውሮፓ፣ ሬይንቦው ዘሩ ያው የከትስሮት ባላጋራ የሆነበት ምዕራብ አሜሪካ። ባልዲው እኛም ዘንድ ደርሷል። በነገራችን ላይ ጣናም እንቁላሉን ለመጣል ሽቅብ ወደ ጉማራ ወንዝ የሚወጣ ሀገር በቀል የባርበስ ዘር አለው። በክረምት በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚጠብቀው እሱን ነው። ብርብራውም እንዲሁ።

መሰላሉ ላይ ያለው ሰው

ወደ ፒራሚድ እንመለስ። የፓይለት ፒክ ዘር በመንግሥት የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ተራብቶ በ2006 ወደ ትውልድ ሐይቁ ተመለሰ። ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከ20 ፓውንድ በላይ፣ ማለትም ከ9 ኪሎ የበለጡ ዓሦች መያዝ ጀመሩ። አጥማጁ ዓለም ተንጫጫ፣ መሰላሉም በዛ። በ2014 ደግሞ የበለጠ ነገር ሆነ። ከ76 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የፒራሚዱ ከትስሮት ትራኪ ወንዝ ውስጥ እንቁላል ሲጥል ታየ።

ውኃውም ቢሆን በልመና አልተገኘም። ፓዩቶቹ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዞረው፣ በ1980ዎቹ በተሰጠ ውሳኔ ስታምፒድ ከሚባለው የትራኪ ገባር ግድብ የሚለቀቀው ውኃ ቅድሚያውን ለዓሣዎቹ እንዲያደርግ አስደርገዋል። በ2020 ደግሞ ያ የ1905ቱ የደርቢ ግድብ ዓሣዎቹ ወደ እርሻው ቦይ ገብተው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ትልቅ ወንፊት ተሠርቶለታል። ገና ብዙ ይቀራል። ሐይቁ ውስጥ የሚያዘው ዓሣ በአብዛኛው በጣቢያ የተፈለፈለ ነው፤ በወንዙ በራሱ የሚወለደው ጥቂት ነው።

መሰላሉ ላይ ያለው ሰውዬ ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚለቀው። የሐይቁ ባለቤቶች ደንብ በመጠን ተለይቶ ጥቂት መውሰድ ይፈቅዳል፤ የሚወስድም አለ፣ ነውር አይደለም። ሕያው ምግብ መንጠቆ ላይ መስካት ግን ክልክል ነው። ማታለያው በላባና በክር የተሠራ ሐሰተኛ ነፍሳት ወይም የብረት ዓሣ መሆን አለበት፤ መንጠቆውም ወደ ኋላ የተቀለበሰችው እሾህ የሌለችው፣ በቀላሉ የምትነቀል። ዓሣው ሲያዝ እጅን ውኃ ማስነካት ይገባል፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል። ከውኃ ውጭ የሚቆየው ለፎቶ ያህል፣ ትንፋሽ ይዘው በሚቆዩበት ልክ ነው። በጋ ላይ የወንዝ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ደግሞ ትራውት ትንፋሽ ስለሚያጥረው ቢለቁትም ሊሞት ይችላል። ልባም አጥማጅ ያን ጊዜ ዘንጉን ጠቅልሎ ቤቱ ይሄዳል።

የስኪመርሆርን 18.6 ኪሎ እስካሁን አልተሰበረም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሊሰበርም አይችልም ነበር፤ ያን ያህል የሚያድገው ዘር አልነበረማ። አሁን ዘሩ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው፣ ምግብ አለው፣ እያደገ ነው። በጥር መሰላል ተሸክመው የሚገቡት ሰዎች ጎህ ሳይቀድ የሚጣደፉት ለዚያ ነው።